በባዕብዳ ምድር ቤት የቆየው ወይን

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው ታሪክ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም። እኛ ቤሩት የከረምን ሴቶች ተሰብስበን ስናወራ የምናነሣው ሌላ ነው፤ ማን ከአሠሪዋ ቤት ወጣች፣ ማን ወረቀቷን አስተካከለች፣ ማን አገሯ ገባች። ይህ ግን ስለ ወይን ነው። ያውም ስለ ፈረንሳይ ወይን፤ ያውም ሁለት ሽማግሌዎች ስለጠጡት። ዓይን ኤል ረማነህ በሚባለው የከተማው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖረው የኬሚሴዋ ፋጡማ ብዕር ይዤ ስታየኝ፣ «ስለ መጠጥ ልትጽፊ? ያኒ እኔ ሐራም ነው ብዬ ስሸሽ፣ አንቺ ታሪክ ልታደርጊው!» ብላ ሳቀችብኝ። ምናልባት ልክ ናት። አንባቢ መጨረሻው ላይ ደርሶ «ለዚህ ነው እንዴ?» ቢል አልቀየምም።

ነገሩን የቀሰቀሰው አንድ ቡሽ ነው። ዘንድሮ በዚህ ዕድሜዬ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። እሑድ እሑድ፣ ከሥራ በምናርፍበት ቀን፣ የምግብ ዝግጅትና የመስተንግዶ ትምህርት እንማራለን። ያለፈው እሑድ መምህራችን አንድ የወይን ጠርሙስ ከፍተው ቡሹን ለተማሪዎች አዞሩ። ልጆቹ እየሳቁ እያሸተቱ አሳለፉት። እኔ ዘንድ ሲደርስ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፤ እርጥብ እንጨት፣ ዝናብ የመታው አፈር፣ ትንሽ ኮምጣጣ ነገር። ከዚያ በኋላ መምህራችን ያሉትን አልሰማሁም። «አስካለ፣ ምን ሸተተሽ?» ሲሉኝ፣ የተጠየቅሁትን በትክክል ለመመለስ እየፈለግሁ ከአፌ የወጣው «የሰው ቤት» የሚል ነበር። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ «ጽፈሽ አምጪልኝ» አሉኝ። የታዘዝኩትን መፈጸም ስለምወድ ይኸው ጻፍሁ።

ቤሩት በመጣሁበት ዘመን አንዲት ሺህ ሊራ ይዞ ሰርቪስ ታክሲ ውስጥ መግባት ይቻል ነበር። ከተሳፋሪዎች ጋር ተጣብቀሽ ተቀምጠሽ፣ ሾፌሩ ትንባሆውን በመስኮት እያራገፈ፣ ካሴቱ እያለቀሰ፣ ከኻልዴ እስከ ከተማው ድረስ ባሕሩን በግራ እያየሽ ትሄጃለሽ። ዛሬ ሺህ ሊራ መንገድ ላይ ብትወድቅ የሚያነሣት የለም። ኻልዴ ላይ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወረድ ብሎ፣ ካዕክ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ እንደ ሴት ቦርሳ እጀታ ያለውን ቂጣ በእንጨት ላይ ሰቅሎ ለመኪና ሁሉ ያውለበልባል። ቤሩት በገባሁ ዕለት መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው እሱ ላይ ነው፤ ቦርሳ የሚሸጥ መስሎኝ ነበር። የሥራ ልብሳችን ሮዝ ነበር፣ ነጭ አንገትጌ ያለው፤ እግራችን ላይ ሸሓጣ፣ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ማለት ነው፣ ደረጃ ስንወጣ ጧ ጧ የሚል። ከአገር ያመጣኋት አንዲት ካሴት ነበረችኝ። ከመሰማቷ ብዛት ክሯ ተለጥጦ የዘፋኟ ድምፅ የወንድ መሰለ፤ እኔ ግን እስክትበጠስ ድረስ አልተውኳትም።

የምሠራበት ቤት ባዕብዳ ነበር፣ ጥድ ዛፎች መሐል፤ ከበረንዳው ሆነሽ ከተማውን፣ ባሕሩን፣ የሚያርፉትንም አውሮፕላኖች ከላይ ወደ ታች ታያለሽ። በቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ አንድ ዱካን አለ። ሴቶቹ ሳይወርዱ ከበረንዳ ቅርጫት በገመድ ያወርዳሉ፣ ባለሱቁ ዳቦውንና ፓርስሊውን ይጨምርበታል፣ ቅርጫቱ እየተወዛወዘ ይወጣል። ፋጡማ ያኔ የጎረቤት ሠራተኛ ነበረች። እኔ ምንጣፍ ሳራግፍ እሷ ልብስ ስታሰጣ፣ በሁለቱ በረንዳዎች መካከል ያለው ክፍተት የእኛ መንደር ነበር።

ጌታዬ ሚስተር ፋሪድ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በሐምሌ ሙቀት እንኳ የሱፍ ሰደርያ የማያወልቁ ሽማግሌ ነበሩ። ልጆቻቸው ፈረንሳይ ናቸው፤ ቤቱ ውስጥ እሳቸውና ማዳሜ፣ ማዳም ሰልዋ፣ ብቻ። ከቤቱ ሥር ግድግዳው ድንጋይ፣ ወለሉ አፈር የሆነ ምድር ቤት ነበር፤ እዚያ ወይኖቹ ተጋድመው ይተኛሉ። የሚጋደሙት ቡሹ በወይኑ ርሶ እንዲቆይ ነው፤ ከደረቀ አየር ያስገባል፣ አየር ከገባ ወይኑ ኮምጣጤ ይሆናል። መጀመሪያ ቀን ጨርቅና ባልዲ ይዤ ስወርድ፣ «ላ! ላ! ላ!» እያሉ ጨርቁን ከእጄ ነጠቁኝ። አቧራው አይነካ፣ ጠርሙሱ አይነቃነቅ፣ መብራቱ ቶሎ ይጥፋ። አንዱን ጠርሙስ ለማየት ሲያነሡ ከጎኑ ያለውን ከነኩት «ፓርዶን»፣ ይቅርታ፣ ይሉታል። እውነቴን ነው። ለእኔ «ፓርዶን» ያሉኝ ቆይቶ ነው፤ ለጠርሙሶቹ ግን ከመጀመሪያው።

ጥጉ ላይ ወይን የያዘ አንድ የእንጨት ሣጥን ነበር። ከሌሎቹ ለብቻው፣ ማንም የማይከፍተው። ነገሩን የነገሩኝ ማዳሜ ናቸው፤ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን የኩሳ ሆድ ዕቃ፣ ያችን ትንሽ ዱባ፣ በቀጭን ማንኪያ እየፈለፈልን። ሣጥኑን የገዙት የሚስተር ፋሪድ አባት ናቸው፣ ለሁለት ልጆቻቸው፣ ለፋሪድና ለታናሹ ለነዲም። «አብራችሁ ትከፍቱታላችሁ» ብለው አስቀመጡት። አባትየው በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ሞቱ። ነዲም ከታች ዓይን ኤል ረማነህ ነበር፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ሳይመጣ አባቱ ተቀበሩ። ነዲም «አልጠበቅኸኝም» አለ። ፋሪድ «አልመጣህም» አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች አልተያዩም። «ሩቅ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ፣ አላወቅሁም ነበርና። ማዳሜ በመስኮቱ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ያ ጣሪያው ላይ ነጭ የውሃ ጋን ያለበት ሕንፃ ይታይሻል? ከእሱ ኋላ ነው» አሉኝ። ከዚያ ማንኪያቸውን አንሥተው መፈልፈል ቀጠሉ።

እኔ ይህንን ከሰማሁ በኋላ ያለው በጋ ከባድ ነበር። መብራት ይጠፋል፣ በምትኩ መብራት የሚሰጠው ሞተርም ይደክማል። የምድር ቤቱን አየር የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ቆመ። ሚስተር ፋሪድ በየሰዓቱ ይወርዳሉ፤ እኔ ጆንያ በውሃ እየነከርኩ በሣጥኑ ዙሪያ እሰቅላለሁ። አንድ ቀን የወይን ነጋዴ ወዳጃቸውን ጠሩ። ሰውየው ሣጥኑን ከፍቶ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ በባትሪ አበራባቸው፤ መብራቱን ከአንገታቸው በስተኋላ እያደረገ። ወይኑ ከቡሹ ሥር መሆን ሲገባው ዝቅ ብሎ ነበር፤ አንዳንዱ ብዙ ዝቅ ብሎ።

«ፋሪድ፣ ይህ እየሞተ ነው» አለ። «ዘንድሮ ጠጣው። ለከርሞ ምንም አልልህም።»

«ብቻዬን አልከፍተውም።»

«እንግዲያው ለሰላጣ ይሆንሃል።»

ሚስተር ፋሪድ ከዚያ በኋላ ምግብ ተዉ። ምሳ አቀርባለሁ፣ «መርሲ፣ አስካለ» ይሉኛል፣ ሳህኑ እንደ ሄደ ይመለሳል። በረንዳ ላይ ቆመው ያንን ነጭ ጋን ያያሉ። ማዳሜ «ደውልለት» ሲሏቸው «እሱ ታናሽ ነው፣ እሱ ይደውል» ይላሉ። ወይኑም ሰውየውም ከቀን ወደ ቀን እየጎደሉ መሆኑን እኔ እንኳ አየሁ። በመጨረሻ ማዳም ሰልዋ ባላቸው ሲተኙ ስልኩን ወጥ ቤት ጎትተው አመጡ። እኔ ሰሐን እያጠብሁ ነበር። «ነዲም፣ ሰልዋ ነኝ» አሉ። «ቅዳሜ ምሳ ና። አልለምንህም፤ ያባትህ ወይን እየኮመጠጠ ነው።» ስልኩን ዘጉና ወደ እኔ ዞሩ፤ «አንቺ ምንም አልሰማሽም፣ ሐቢብቲ፣ የኔ ውድ።»

ቅዳሜ በቀትር ሚስተር ነዲም መጡ። አጭር፣ ደንዳና፣ ሲጋራቸውን ከበር ውጭ ያጠፉ ሰው። ኮታቸውን አላወለቁም። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ እንደ ሰፈር ሰው እንጂ እንደ ወንድም አልነበረም። ሚስተር ፋሪድ ጠርሙሱን ከጠዋት ጀምሮ አቁመውት ነበር፣ አተላው እንዲዘቅጥ። ቡሹ ሲወጣ እጃቸው ላይ ተፈረፈረ። ሻማ አብርተው፣ የጠርሙሱን አንገት ከሻማው በላይ ይዘው፣ ሆደ ሰፊ አንገተ ቀጭን ወደሆነ፣ ብርሌያችንን ወደሚመስል የብርጭቆ ዕቃ በቀስታ ገለበጡ፤ አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ አቆሙ። ዕቃውን ለእኔ ሰጥተው «ቅጂ» አሉኝ። ወደ እንግዳው ጠጋ አልሁ። ሚስተር ነዲም መዳፋቸውን ብርጭቆው ላይ ከደኑ።

«እሱ ይቅደም።»

«የለም፣ እንግዳው ይቅደም» አሉ ሚስተር ፋሪድ።

«እንግዳ? ባባቴ ወይን ላይ እንግዳ ሆንሁ?»

«ነዲም፣ ያላ ተው፣ ክፉ አላልሁህም።»

«ክፉማ አላልህም። አንተ መቼ ክፉ ትናገራለህ? እንግዳ ነህ ብቻ ነው ያልኸኝ! ኸላስ፣ በቃ፣ አልጠጣም።» ወንበሩን ወደ ኋላ ገፉት።

እኔ አረብኛዬ ገና ነበር፣ ቀስ ብለው ካልነገሩኝ አይገባኝም፤ የዚያን ቀን የተባባሉትን በሙሉ ያወቅሁት በኋላ ማዳሜ ሲተርኩልኝ ነው። ያኔ ያየሁት እጁን ብርጭቆ ላይ ከድኖ «አልጠጣም» የሚል እንግዳ ነው። በእኛ አገር እንግዳ መጠጡን ከተጠራጠረ፣ የሚቀዳው ሰው ነው ነገሩን የሚያቀናው። ሠርግ ላይ ስንቀዳ ያደግን ነን፤ ማንም አላስተማረንም፣ እጃችን ያውቀዋል። ግራ መዳፌን ስኒ አስመስዬ፣ ከወይኑ ጠብ አድርጌ፣ በእንግዳው ፊት ጠጣሁት። ከዚያ ዕቃውን በሁለት እጄ ይዤ ለመቅዳት ጎንበስ አልሁ።

«ያ አድራ!» አሉ ማዳሜ፣ ድንግልን ጠርተው። ሚስተር ፋሪድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዚያ ቤት ሠራተኛ፣ ያውም ከዚያ ሣጥን፣ ያውም በመዳፏ! ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ያኔ ነው።

«ምን እያደረገች ነው?» አሉ ሚስተር ነዲም።

በተሰባበረ አረብኛ፣ «እኛ ዘንድ... መጀመሪያ እኔ። መጥፎ ነገር የለም ማለት ነው። እርስዎን የሚጎዳ የለም» አልሁ።

ሰውየው ወደ እኔ ዞሩ። «እሺ። እንዴት ነው ታዲያ?»

እንዲህ ስጠየቅ መዋሸት አልችልም። «ሚስተር፣ አልጣመኝም። ቆዳ የነከሩበት ውሃ ይመስላል።»

መጀመሪያ የሳቁት ሚስተር ነዲም ናቸው። ጠረጴዛውን እየመቱ፣ እንባ እስኪመጣ። «ፋሪድ! ስማ! ያን ሁሉ ዘመን የጠበቅኸው ቆዳ የነከሩበት ውሃ ነው!» ሚስተር ፋሪድም ሳቁ፤ ማዳሜ ወደ ወጥ ቤት ሸሹ፣ እዚያ ሲስቁ ይሁን ሲያለቅሱ አላወቅሁም። ሚስተር ነዲም እጃቸውን ከብርጭቆው አነሡ። «ቅጂ፣ ያ ቢንቲ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ቀዳሁ። አሸተቱ። ጎንጨት አድርገው፣ አፋቸው ውስጥ አቆይተው ዋጡ።

«ያባባ ካፖርት» አሉ በመጨረሻ። «ዝናብ መትቶት ሲገባ።»

«አዎ» አሉ ሚስተር ፋሪድ። «በር ላይ ሲሰቅለው።»

«መንገዱ ተዘግቶ ነበር፣ ኸዬ።» ኸዬ ወንድሜ ማለት ነው።

«አውቃለሁ።»

«ታውቅ ነበር?»

«ያን ዕለትም አውቅ ነበር። ግን አስከሬኑን ስናወጣ ባንድ በኩል ትከሻ ጎደለን። ጎረቤት ለመንሁ። ላንተ ቦታ ሌላ ሰው ለመንሁ፣ ነዲም። ለሱ ነው የተናደድሁት።»

ከዚያ በኋላ የተባለውን አልጽፍም፤ ዕቃውን አስቀምጬ ወጣሁ።

በረንዳ ላይ ፋጡማ እየጠበቀችኝ ነበር። «ምንድን ነው ጩኸቱ? ሰው ተጣላ?» አለችኝ። ነገርኳት። «በመዳፍሽ? አንቺ ጅል! ሻንጣሽን ሸክፊ፣ ዛሬውኑ ወደ ኻልዴ ነው!» አለች፤ ከኻልዴ ማዶ አውሮፕላን ማረፊያው ነውና። ትንሽ ቆይታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቆይ ግን፣ እንዴት ነው የሚሸተው? መቅመሱ ነው ሐራም፣ ወሬውን ንገሪኝ» አለችኝ።

አልተባረርሁም። በዚያው ሳምንት ሚስተር ፋሪድ ምድር ቤት ወስደው የራሴን ብርጭቆ ሰጡኝ፣ እግረ ረጅሙን። «ዳኛ የሆነ ሰው ሕጉን ይማር» አሉኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስተር ነዲም ይመጣሉ፣ ከሣጥኑ አንድ ይከፈታል፣ እኔም በጠረጴዛው ጫፍ ከማዳሜ ጎን እቆማለሁ፣ በኋላ በኋላ እቀመጣለሁ። ብርጭቆውን ነጭ ናፕኪን ላይ አዘንብሎ ማየት ተማርሁ፤ ያረጀ ወይን መሐሉ ቀይ ቢሆንም ጠርዙ እንደ ሸክላ ጡብ ይሆናል። ሳይጠጡ ማሽተት፣ ትንሽ ወስዶ በምላስ ላይ ማንከባለል፣ ሲውጡት የሚቀረውን መጠበቅ። ሣጥኑ የሁለት የፈረንሳይ አውራጃዎች ወይን ቀላቅሎ የያዘ ነበር፤ የቦርዶው እንደ ዝግባ ሣጥንና እንደ ደረቅ ትንባሆ፣ የቡርጎኙ እንደ እርጥብ ቅጠልና እንደ እንጉዳይ ነበር። መጀመሪያ «ቆዳ» ያልሁትን አልተውኩትም፤ ግን አሁን ፈረስ ላይ የዋለ ኮርቻ ሆነልኝ፣ ጥሩ ኮርቻ። ከሁሉ ያስደነቀኝ ጊዜው ነው። ያን ሁሉ ዓመት የተኛ ወይን ሲከፈት መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ይናገራል፤ ምሳው ሳያልቅ ይደክማል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለዚህ ወሬያቸውን አቋርጠው ያደምጡት ነበር። ከሣጥኑ አንዳንዱ ሞቶ ተገኘ፤ ያንንም ቢሆን አሽትተው፣ ስለ እሱ ተጨቃጭቀው ነው የሚደፉት። «አንተ ነህ በሙቀት የገደልኸው!» «አንተ ነህ ሳትመጣ ያቆየኸው!» ጭቅጭቁ ራሱ የምሳው ጨው ነበር።

አሁን በዚያ በኩል ሳልፍ ቤቱ የሌላ ሰው ነው፤ ጥዶቹ ግማሾቹ ተቆርጠዋል፣ ዱካኑ የስልክ መሸጫ ሆኗል፣ ቅርጫት የሚያወርድ የለም። ማዳሜን ልጆቻቸው ወደ ፈረንሳይ ወስደዋቸዋል። እኔ ከዚያ ቤት ወጥቼ በየሰው ቤት በሰዓት የምሠራ ሆንሁ። እነዚያ ቅዳሜዎች ግን ከዚያ በፊት፣ አንድ በጋ ሳይሞላ ነው ያለቁት።

ሣጥኑ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ሲቀር ሚስተር ነዲም ታመሙ። መኪና ላይ መውጣት አቃታቸው። ሚስተር ፋሪድ ከጦርነቱ ወዲህ ዓይን ኤል ረማነህ ወርደው አያውቁም፤ መንገዱን እንኳ ሾፌራቸው ነው የሚያውቀው። ሁለት ቅዳሜ ዝም ብለው አሳለፉ። በሦስተኛው ሰደርያቸውን ቆልፈው ወደ ምድር ቤት ወረዱና ጠርሙሱን ይዘው ወጡ። «አስካለ፣ ነይ። አንቺ ትይዥዋለሽ» አሉኝ። እንደ ተኛ አድርጌ፣ አተላው እንዳይነሣ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ሾፌሩ ቁልቁለቱን እንደ ሙሽራ መኪና በዝግታ ወረደው፤ ከኋላ ያሉት ጡሩምባ እየነፉ ሲሳደቡ ሚስተር ፋሪድ በመስኮት «ፓርዶን! ፓርዶን!» ይላሉ። ከሚስተር ነዲም ሕንፃ ስንደርስ መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ አይሠራም ነበር። ደረጃውን በየፎቁ እያረፍን ወጣን። የልብስ እጥበት ሽታ፣ የሽንኩርት ሽታ፣ የሰው ሁሉ ሬዲዮ።

ሚስተር ነዲም ከመስኮቱ አጠገብ አልጋ ላይ ነበሩ፣ በጣም አንሰው። «የባዕብዳው ጌታ መጣ!» አሉ። «ደረጃውን ማን አዝሎህ ነው?»

«ዝም በል። አትናገር፣ ትደክማለህ።»

ሻማ አልነበረም፤ በመስኮቱ ብርሃን ቀዳሁ። ቀለሙን ሳየው ልቤ ፈራ፤ ጡብ አይደለም፣ የደከመ ሻይ ነበር። ሚስተር ፋሪድ አሸተቱ። ቀመሱ። አፋቸው ውስጥ ብዙ አቆዩት፣ ለመዋጥ የፈሩ ይመስል። ወንድማቸው ፊታቸውን ያዩ ነበር።

«እ?»

ሚስተር ፋሪድ ሊዋሹ አፋቸውን ከፈቱ፤ አልቻሉም። «ሞቷል፣ ኸዬ። ዘገየሁ። ባለፈው ቅዳሜ ብመጣ ኖሮ...»

«ስጠኝ።»

«ኮምጣጤ ነው።»

«ስጠኝ አልሁህ።»

አንገታቸውን ደግፌ አጠጣኋቸው። ሚስተር ነዲም ፊታቸው ተጨማደደ፤ ዋጡት። ብርጭቆውን ለሚስተር ፋሪድ መለሱና የወንድማቸውን እጅ ይዘው አልለቀቁም።

«አትዘን» አሉ። «ይህን እንኳ አብረን ቀበርነው።»

ሚስተር ፋሪድ የቀረውን ጠጡ፣ እስከ አተላው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ አልነበረም፤ ሚስተር ነዲም ሰኞ ጠዋት አረፉ፣ አስከሬናቸው ሲወጣም ሚስተር ፋሪድ ከሬሳው ሣጥን ሥር የያዙትን ቦታ ለማንም አልሰጡም። የመጨረሻው ጠርሙስ የተከፈተው እኛ የፍልሰታን ጾም በምንፈታበት ዕለት ነበር፤ ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ቅዳሜ።